በልጄ ፋንታ የቆለፍኩባት እንግዳ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ጨለማ አልነበረም... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ በገዛ ቤቴ ነው።

ልጄ በተማሪ ልውውጥ በረዶ ወደሚጥልበት ውጭ አገር ሄደች። እሷን የተቀበላት ቤት ልጅ ደግሞ እኛ ዘንድ መጣች። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

እንግዳዋ ዝምተኛ ናት። ሹፌሩ ባሌ «ይህች ልጅ ቃል የምታወጣው በሚዛን ነው» እያለ ይስቃል።

እኔ ግን አልስቅም...

የልጄን ሹራብ ለብሳ መስታወት ፊት ትቆማለች። ልክ እንደ ልጄ ትስቃለች።

ልጄን አይታት አታውቅም እኮ!

ያን ቀን እንደ ሥራዬ ቤት አምጥቼ የሆቴል አንሶላ እየተኮስኩ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እምዬ...»

ልጄ ናት። ታንሾካሹካለች።

«ወዬ የኔ ዓለም! ምነው?»

«የልጅቷ እናት ምድር ቤት ቆለፈችብኝ... በረደኝ...»

ተቋረጠ።

ደሜ ፈላ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? እንግዳዋን ከልጄ ክፍል በክንዷ ጎትቼ አወጣኋት።

ባሌ ምሳውን ትቶ ተነሳ። «አንቺ ሴትዮ! አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል እንዴ? እሷ ምን አጠፋች?»

«ዞር በልልኝ! የእናቷን ሥራ ትቅመሰው! የኔ ልጅ ሜዳ ላይ የወደቀች መሰላቸው?»

አንሶላ የማስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ቆለፍኩባት።

አላለቀሰችም። እንዲያውም ቀድማኝ ነው የገባችው... ፈገግ ብላ።

ወዲያው በልጄ በራሷ ቁጥር ደወልኩ። ያቺን ሴትዮ ልክ ልኳን ልነግራት።

«እምዬ! ከእናትየዋ ጋር ኬክ እየጋገርን ነው!» ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል።

«ቆለፈችብኝ ብለሽ አልደወልሽም?»

«እኔ? ኧረ አልደወልኩም! ደግ ሴት ናት እኮ። ቆይ... ዱቄት ከምድር ቤት ላምጣ።»

ደረጃ ስትወርድ ይሰማኛል...

በር ድርግም አለ።

«እምዬ... በሩን ማን ዘጋው?»

«ውጪ! አሁኑኑ ውጪ ከዚያ!»

«አይከፈትም... እምዬ፣ እዚህ ሰው አለ። የኔን ሹራብ ለብሳለች...»

«ምን ትላለች?»

በሹክሹክታ...

«"እናትሽ ናት የቆለፈችብኝ" ትላለች።»

ስልኩ ሞተ።

«ክፈችው!» ባሌ ጮኸ።

«እየከፈትኩ ነው!» ቁልፉ አልገባ አለኝ።

በሩ ተከፈተ።

እንግዳዋ የለችም። ክፍሉ መስኮት እንኳ የለውም...

መሃል ወለሉ ላይ የልጄ ጫማ ተቀምጧል። አድርጋው የሄደችው ጫማ። በረዶ ሞልቶታል።

የተኮስኳቸው አንሶላዎች ገና ትኩስ ናቸው፤ ክፍሉ በሙቀት ታፍኗል። በረዶው ግን አይቀልጥም...

እየጨመረ ነው።