ያልረካችው የቡሬ ልጅ

የፍኖተ ሰላም ክረምት አላዘነለትም፤ ከጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ አንድ ወጣት የሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ወንድም፣ ከአዲስ አበባ በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

ሳቀ። በቃ፣ ያኔ ነው የጀመረኝ ልበላችሁ!

2009 ዓ.ም. ነበር። የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ጨርሼ፣ ኪኒን ብቻ እየዋጥኩ ለክትትል ከቡሬ እመላለሳለሁ። ሥራዬ ፀጉር ሥራ ነው። የሰው ሹሩባ እየሠራሁ የራሴ ፀጉር ግን ገና እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ማለቱ ነበር። ልጁ ወንዳወቅ ይባላል። ለካንሰር ታካሚዎች ስልካችን ላይ የተጫነልንን አፕ ምን ያህል እንደወደድነው ሊጠይቅ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። አፑ የኪኒን ሰዓት ያስታውሳል፣ የቀጠሮ ቀን ይናገራል፣ ጠዋት ጠዋት «ፈገግ በይ» ይላል።

መጀመሪያ አጠገቤ የተቀመጡትን እትዬ ማሚቱን ጠየቃቸው። የሽንዲ ገበሬ ናቸው፤ ሕመሙ አገናኝቶን እንደ እናቴ የማያቸው ሴት።

«እናቴ፣ በአፑ ምን ያህል ረክተዋል?»

«በጣም ልጄ! ተመስገን! እጅግ በጣም!»

«በቀን ስንት ጊዜ ይከፍቱታል?»

«ኧረ እኔስ ከፍቼው አላውቅም። ስልኩ እንዳይሰበር ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ረኩ?»

«በዚህ ጭቃ ደክመህ የመጣህን ልጅ፣ አልረካሁም ብዬ ላሳፍርህ?»

ወንዳወቅ ራሱን አከከ። እንግዳ ማሳፈር በእኛ አገር ነውር ነው፤ ለካ እስከዚያ ቀን የጠየቀው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው ያለው። ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎስ?»

«አንቺ በለኝ፣ አላረጀሁም። አልረካሁም። ምንም!»

ዓይኑ በራ። «እውነት? ለምን?»

«ኪኒኑ ያቅለሸልሸኛል፣ ምን ላድርግ ብዬ ጻፍኩለት። ፈገግ በይ አለኝ። እስቲ አንተ እያስታወክህ ፈገግ በል!»

«አንቺ ልጅ በርበሬ ነሽ!» አለኝ እየሳቀ።

«የበርበሬው አገር፣ የቡሬ ልጅ አይደለሁ!»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ፣ ፀጉር ቤቴ ድረስ ይመጣ ጀመር። «አፑ ተሻሻለ?» ይለኛል። ይሻሻል አይሻሻል እኔ ምን አውቄ! እርሱን ሳይ ማበጠሪያው ከእጄ ይወድቃል። ወደድኩት፣ በቃ ወደድኩት! ለሥራው እንጂ ለእኔ የሚመጣ ግን አልመሰለኝም። አንድ ጡት የሌላትን፣ ሕመሙ ነገ ይመለስባት አይመለስባት የማታውቅን ሴት ማን ብሎ?

ኅዳር ላይ ለክትትል ፍኖተ ሰላም ሄጄ ከእትዬ ማሚቱ ጋር ተራ ስንጠብቅ መጣ። አልተቀመጠም።

«ያምሮት፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ።»

«ጥናቱ አለቀ?»

«እሱማ ካለቀ ወር አለፈው።»

«ታዲያ ቡሬ ምን ልታደርግ ትመጣ ነበር?»

«ላይሽ ነዋ!... ሽማግሌ ልላክ?»

ልቤ አዎ በይው፣ አዎ በይው ይለኛል። አፌ ግን...

«አንተ ጥሩ ሰው ነህ። እኔ የማይህ እንደ ወንድሜ ነው። እግዚአብሔር ጥሩዋን ይስጥህ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ይሁን» ብሎ መንገድ ሲጀምር እትዬ ማሚቱ ብድግ አሉ።

«ቁም አንተ! ውሸቷን ነው!»

«እትዬ!»

«ዝም በይ! ወደድኩት እትዬ፣ ምን ይሻለኛል ብላ ያለቀሰችብኝ ማን ናት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የምትፈሪውን ንገሪው!»

እንባዬ ቀደመኝ።

«ቢመለስብኝስ ወንዳወቅ? ዓመት ሳንኖር ብሞትብህስ? ሚስት አገኘሁ ስትል አስታማሚ ሆነህ ልትቀር ነው። አትፈራም?»

አልፈራም ቢለኝ ኖሮ፣ ማርያምን፣ ትቼው ወደ ሐኪሙ እገባ ነበር።

«እፈራለሁ» አለኝ። «በጣም ነው የምፈራው። አዲስ አበባ ብሄድም መፍራቴ አይቀርም። ርቄ ከምፈራ አጠገብሽ ሆኜ ልፍራ።»

ብዙ ሰው «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብሎኛል። እፈራለሁ ያለኝ ግን እርሱ ብቻ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ብቻዬን እንዳልሆንኩ የተሰማኝ ያን ቀን ነው።

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ላካ!» አልኩት።

እትዬ ማሚቱ እልልታቸውን አቀለጡት! ነርሷ እየሮጠች መጣች።

«እማማ፣ ሆስፒታል ነው እኮ!»

«እና ሆስፒታል ሰው አይታጭም?»

ነርሷም ነገሩ ሲገባት እልል አለች።

አባቴ ሽማግሌዎቹን እንደ ወጉ አንድ ጊዜ መለሳቸው፤ ሁለተኛ ሲመጡ እሺ አለ። ጥር ላይ ተጋባን። ወንዳወቅ አዲስ አበባን ትቶልኝ ዛሬም ቡሬ ነው የምንኖረው፤ ምርመራዬ በደረሰ ቁጥር አብረን እንሄዳለን። ውጤቱ እስኪነገረን ድረስ ታዲያ የሚንቀጠቀጠው እርሱ ነው፤ እጁን አጥብቄ የምይዘው እኔ ነኝ።