ለኋላ ወንበር የተሠራ መኪና

መኪናው ትንሽ ነው። ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ በየመንገዱ የሚታይ ዓይነት። አጠገባችሁ ቢያልፍ ዞር ብላችሁም አታዩት። እኔ ግን ድምፁን ከሩቅ ስሰማ እስከ ዛሬ እጄ ላይ ያለውን ጎማ አስቀምጣለሁ። ከጋራዡ አጥር ጥግ ጎማ ስጠግን ነው የኖርኩት። የዚህን መኪና ታሪክ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ የጋራዡ መካኒክና አንዲት ልብስ ሰፊ በየተራ አጠገቤ ተቀምጠው አጫውተውኛል።

መካኒኩን ጎረምሶቹ «ቆራጩ» ይሉት ነበር። የመኪና ሞላ ቆርጦ ያሳጥራል። ሞላው ሲያጥር መኪናው ወደ መሬት ዝቅ ይልና ይገተራል፤ ኩርባ ላይ ሳይወዛወዝ መንገዱን ነክሶ ይይዛል። ጎረምሶቹ ደስታቸው ይሄ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ግን ጠጠሯን ሁሉ በወገቡ ይቆጥራል። ከኋላ ስለሚቀመጥ ሰው ደግሞ ያኔ ማንም አስቦ አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ነጩ መኪና እየተንገጫገጨ ጊቢው ውስጥ ገባ። አንዲት ቀጭን ልጅ ወረደች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልኬት ሜትሩን ከአንገቷ ማውለቅ እንኳ ረስታለች።

«ቆራጩ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ እህቴ። ምን ልታዘዝ?»

«የቆረጥከውን ቀጥልልኝ።»

ሳቀ። «ሞላ ተቆርጦ አይቀጠልም እህቴ። ጨርቅ መሰለሽ?»

እሷ አልሳቀችም። «የወንድሜ መኪና ነው። አንተ ዘንድ አስቆርጦ ሲፈነጭበት ከርሞ ውጭ አገር ሄደ። አሁን እናቴ ናት ኋላ ወንበሩ ላይ ተኝታ የምትሄድበት። በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ታች ከተማ ያለው ሆስፒታል ለሕክምና እየተመላለሰች ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እምቢ አለች። ‹ከዚያ መኪና ሞት ይሻለኛል› አለች። ሌላ መኪና ብከራይላት ደግሞ ‹ለመሠቃየቱማ በልጄ መኪና ልሠቃይ› ትላለች። ሐኪሙ ካቋረጠች አበቃ ብሎኛል። ገባህ?»

ቆራጩ ክሪኩን አስገብቶ መኪናውን አነሳና ከሥሩ ገባ። ሞላው ጫፍ ላይ የብረት መቁረጫው ግራይንደር ያቃጠለው ጥቁር ምልክት ነበር። የገዛ እጁን ሥራ አወቀው። ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«መኪናውን ተይልኝ» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ከአንድ ትልቅ የቤተሰብ መኪና ላይ የወረደ ረጅምና ለስላሳ ሞላ ፈልጎ ገጠመላት። ራሱ ነድቶ ሞከረው። ጉድጓዱን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ሲያልፍ ጊዜ ደስ ብሎት መጣ። «እንደ ፍራሽ ሆነልሽ!» ብሎ ቁልፉን ሰጣት።

በማግሥቱ ሰላም እንኳ ሳትለው ነው የገባችው። እኔው ጋ ድረስ ይሰማል ድምፅዋ።

«ጀልባ ነው ያደረግከው! ድንጋዩስ ይሁን፣ ኩርባው ላይ እናቴ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስትንከባለል ግማሽ መንገድ ሳንደርስ መለስኳት። ‹በአሮጌው አጥንቴን፣ በአዲሱ አንጀቴን› አለችኝ።»

ቆራጩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«የሞከርኩት መሪ ይዤ ነው» አለ በመጨረሻ። «መሪ የያዘ ሰው ኩርባው ሲመጣ ያያል፤ ሳያስበው ሰውነቱን ያዘጋጃል። እናትሽ ግን ተኝተው ጣሪያ ነው የሚያዩት። አንቺ ንጂ፣ እኔ እሳቸው ቦታ ልተኛ።»

እንዲህ ሆነ ፍቅራቸው የተጀመረው፤ እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ። ረጅም ሰው ነው፣ ጉልበቱን አጥፎ ወንበሩ ላይ ይጋደማል። ዓይኑን ጨፍኖ የተሰማውን ይናገራል። «ይሄ ቀኝ ነው፣ ይደርቃል። አሁን ወደ በሩ ወሰደኝ። ይሄኛው ደህና። ውይ! ይሄ ጎኔን።» እሷ ደግሞ የት ቦታ እንደሆነ በቃሏ ትይዛለች።

«ዓይኔን እጨፍናለሁ አላልክም?» አለችው አንድ ቀን።

«ጨፍኛለሁ።»

«ታዲያ በመስታወቱ የሚያየኝ ማን ነው?»

ዓይኑን ቶሎ ጨፈነ። እሷም መስታወቱን አላዞረችም። ከዚያ እስከ ጋራዡ ድረስ መንገዱ ላይ የነበረውን ጉድጓድ አንዱንም አልነገራትም።

እሱ ንዝረት የሚውጡትን ሾኮች ለወጠ፣ በብረቶቹ መሐል የሚገባውን ያለቀ ጎሚኒ ሁሉ አወለቀ፣ ኩርባ ላይ እንዳይጋደም ግራና ቀኙን የሚያያይዘውን ብረት ወፍራም አደረገው። እሷ የእናቷን ጎን ለክታ፣ ሰውነት አቅፎ የሚይዝ ስፖንጅ ሰፋች። መኪናው ቀስ በቀስ ድንጋይ ላይ ለስለስ፣ ኩርባ ላይ ቆም ማለት ጀመረ። በዚሁ መሐል ቆራጩ «እህቴ» ማለቱን ተወ። መቼ እንደተወው አልሰማሁም፤ አንድ ቀን ግን ጆሮዬ ሲፈልገው ጠፋ። እኔም ጎማዬን እየነፋሁ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

እናትየውን ሊያነሱ የሄዱ ቀን አሮጊቷ ከአልጋቸው ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ማነው አንቺ፣ ይሄ እጁ ጥላሸት የሆነ?»

«መኪናውን ያበጀሁት እኔ ነኝ እማማ።»

«መጀመሪያ ያበላሸውስ?»

አቀረቀረ። «እሱም እኔ ነኝ።»

«መልካም። እንግዲያው አብረኸን ትሄዳለህ። ሲያመኝ የምሰድበው ሰው አጠገቤ ይኑር።»

ታች ከተማ ለመድረስ ገደሉን የሚታከክ ቁልቁለት አለ፣ ከዚያ ድልድይ። የድልድዩ መግቢያ ላይ የተገነጠለ ብረት ወደ ላይ ብቅ ብሎ ቀርቷል፤ ቀስ ብሎም ቢነዳ አይታለፍም። እዚያ ሲደርሱ ከኋላ ወንበር ድምፅ ይመጣል።

«ኧረ ይሄ ልጅ!»

ቆራጩ ከልጅቷ ጎን የፊት ወንበሩ ላይ ሽምቅቅ ይላል፣ ልጅቷ ሳቋን ትውጣለች። «ምነው ልጄ፣ አጥንቴን አንድ በአንድ ቆጠርከው እኮ! ስንት ሆነልህ?» ይሉታል። ሲመለሱም እዚያው ድልድይ፣ እዚያው ስድብ። በማግሥቱ ቆራጩ መኪናው ሥር ተኝቶ አንድ ነገር ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ያቺን አንዲት ግጭት ማጥፋት የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

አሮጊቷ ግን እየቀለሉ ሄዱ። መጀመሪያ ሁለቱ ደግፈው ነበር ከመኪና የሚያወርዷቸው። ቆየት ሲል እሱ ብቻውን ያቅፋቸው ጀመር፤ እንደ ባዶ ካርቶን ነበሩ አለኝ። አንድ ቀን ሐኪሙ ልጅቷን ኮሪደር ላይ አቁሞ ሕክምናው ሕመሙን እንጂ በሽታውን እንደማይመልስ ነገራት። ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችው። መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን ስታስነሳ፣ «ምን አለሽ?» አሏት እናቷ።

«ጥሩ ነው አለ፣ እማዬ።»

«እንዲያ ነው?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸው መዋሸት እንደማይሆንላት ያውቃሉ።

የመጨረሻዋ ጉዞ በደመናማ ቀን ነበረች። ሲመለሱ ነው። ቆራጩ የኋላውን ጎሚኒ ትናንት ነው የለወጠው፤ ድልድዩ ሲቃረብ ትንፋሹን ያዘ። ጎማው ብረቷን ወጣ፣ ወረደ። ከኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም።

ዞር ብሎ አየ። አሮጊቷ ስፖንጁ ውስጥ እንደተጋደሙ፣ ፊታቸው ወደ ወንበሩ ዞሯል።

«ተኝተዋል» አለ በሹክሹክታ። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ።

«ድልድዩ ላይ?»

«አልሰሙትም! ምንም አልሰሙትም!»

እሷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ እንባዋም መጣ። እናቷን እንዳትቀሰቅስ ቀስ ብላ ነዳች። እጇ ማርሹ ላይ ነበር። እሱ እጁን በእጇ ላይ አደረገ፤ እጇን አላሸሸችም። ዳገቱን እንዲያ ሆነው ወጡት። ስለ ልጅነታቸው በሹክሹክታ አወሩ። ባል መካኒክ ከሆነ ቤቱ ዘይት ዘይት እንደሚሸት፣ ሚስት ልብስ ሰፊ ከሆነች ደግሞ ምንጣፉ ሁሉ መርፌ እንደሚሆን ተቀላለዱ። «እማዬ ትሙት፣ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለችው። ሰው እንዲሁ የሚምለው መሐላ ነው፤ አፏ የለመደው።

ቤት ሲደርሱ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች።

«እማዬ፣ ደረስን።»

ከዚያ ድምፅዋን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

መጥቶ ያያቸው ሐኪም ነፍሳቸው ከወጣች መቆየቷን ተናገረ። መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። የት ላይ እንደሆነ ሊነግራት የሚችል የለም።

ወንድሟ ከሩቅ ደወለ፣ አለቀሰ፣ መኪናውን እንድትሸጠው መክሯት ዘጋ። ከቀብሩ በኋላ ቆራጩ ቤቷ ሄደ። በሩ ላይ ቆማ አላስገባችውም።

«አትምጣ» አለችው። ድምፅዋ ቁጣም አልነበረበት። «አንተን ሳይ የሚታየኝ እናቴን ከኋላ አስተኝቼ እየሳቅኩ የነዳሁት መንገድ ነው። እኔ ስስቅ እሷ ብቻዋን ሞተች። አንተ ስትመጣ ያ ሳቅ ነው የሚመጣብኝ።»

ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ተወው። ከዚያ ተመልሶ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ አላያትም። ሞላ መቁረጡን ተወ። ጎረምሶቹ ሲመጡ «ግራይንደሩ ተበላሽቷል» ይላቸው ነበር፤ ግራይንደሩ እኮ ደህና ነው። ሥራው ቀዘቀዘ። ከእሷ መኪና ያወለቃቸውን የተቆረጡ ሞላዎች ግድግዳው ላይ ሰቅሏቸው፣ ሲበላም ሲጠጣም ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። «ለምን አትጥላቸውም ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አይጣሉም አባባ» አለኝ። ከሳ። እኔም ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም።

ዝናቡ ያቆመ ሰሞን ነጩ መኪና መጣ። እንደ ድሮው አይንገጫገጭም፣ ዝም ብሎ ገባ። ልጅቷ ጥቁር ለብሳለች።

«ይሄን ሁሉ አውጣው» አለችው። «የድሮውን ሞላ መልስልኝ።»

«ያምሻል እኮ።»

«እንዲያመኝ ነው የመጣሁት። ይሄ መኪና ለስልሶ፣ ዝም ብሎ እናቴን ወሰደብኝ። ያ ሞላ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ላይ ዝም ስትል እንደነግጥ ነበር። እንቆም ነበር። እጇን እይዝ ነበር።»

አልተከራከራትም። ከግድግዳው አወረዳቸው። ሲገጥም ዋለ፤ እሷ እኔ አጠገብ ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። እንባ አልወጣትም። ከዚያን ቀን ጩኸቷ ወዲህ አልቅሳ እንደማታውቅ ኋላ ነው የሰማሁት።

ሲጨርስ ቁልፉን ሰጣት። አልተቀበለችውም። የኋላውን በር ከፍታ፣ እናቷ ትተኛበት የነበረው ቦታ ላይ ተጋደመች።

«ንዳ» አለችው።

ነዳ። እያንዳንዱ ጠጠር ወደ ላይ መጣ። ከኋላ ጥርሷን ስትነክስ ይሰማዋል፤ ልመለስ ሲላት «ንዳ» ትለዋለች። ቁልቁለቱን ወረዱ። ድልድዩ መጣ። ጎማው ብረቷን ሲመታ መኪናው እንዳለ ጮኸ።

«ኧረ ይሄ ልጅ!»

ከእሷ አፍ ነው የወጣው፤ የእናቷ ድምፅ ቁርጥ። ከዚያ በኋላ ልቅሶው መጣ፤ ከሆድ የሚወጣ ዓይነት፣ ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመ። ቆራጩ ድልድዩን አለፈና ጥግ ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። እስክትጨርስ ወደ ኋላ አልዞረም።

«አንድ ነገር አለ» አለ ፊት ለፊቱን እያየ። «ማሳበቢያ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። አንድ ቀን አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ስትወርጂ እማማ ጠሩኝ። ‹ስማ ይሄ ልጅ፣ ድልድዩ ከተወኝ ቆየ። አይሰማኝም› አሉኝ። ‹ታዲያ ለምን ይጮኻሉ?› አልኳቸው። ‹እኔ ካልጮህኩ እናንተ ከዚህ እስከዚያ ዝም ትላላችሁ፤ መኪናው ሬሳ የጫነ ይመስላል። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ዝም እላለሁ። ያን ቀን ፈሪ እንዳትሆን፣ እጇን ያዝ› አሉኝ። ዝም ሲሉ ጊዜ ያ ቀን የመጣ መሰለኝ፤ ደስታዬም ለዚያ ነበር።»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ድልድዩ ላይ በሕይወት ነበረች?» አለችው።

«አላውቅም።»

«ሰምታን ይሆን?»

«አላውቅም። ዋሽቼ አዎ እንዳልልሽ አንቺም ውሸት ታውቂያለሽ።»

እንባዋን ጠረገች። ከሥር ወንዙ ይሰማል። ከዚያ የኋላው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። የፊተኛው ተከፈተ። አጠገቡ ተቀመጠች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ጉንጯ ላይ የስፖንጁ ስፌት መስመር ታትሟል።

«ነገ ለስላሳውን መልሰው» አለች። «ይሄ ለሰው አይሆንም።»

«እሺ።»

ሞተሩን አስነሳ። እጇን አንስታ ያን ቀን የነበረበት ቦታ፣ ማርሹ ላይ አደረገች። እሱ እጁን ከመሪው አላነሳም፤ ፈራ።

«ያዝ እንጂ» አለችው። «እናቴ ዝም ብላለች።»