ቀድሞ የጎደለው ጥርስ

ልብስ ሰፊው የሞተው በልቡ ነው፤ ገዳይ የተባለችው ግን ሚስቱ ናት።

ሰው ሠራሽ የልብ ክዳን (ቫልቭ) ነበረው። ሐኪሞቹ «ጀርም ከአፉ ተነሥቶ በደም ሥሩ ልቡ ድረስ ዘልቋል» ሲሉ፣ ሚስቲቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ድዱ ሲደማ አይታ፣ «ተወው፣ አፍህን ቀደድከው እኮ!» ብላ ጥርሱን የሚያጸዳበትን ክር የነጠቀችው እሷ ነበረች። አማቷም ነገሩን ከሰማች ወዲህ ስሟን አትጠራም፤ «ያቺ» ነው የምትላት።

በሞተ በሦስተኛው ሳምንት የጤና ቢሮ መርማሪዋ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣች። ስለ ምላሷ ስለት «ወስፌ» ይሏታል። ሚስቲቱን፣ አማቲቱንና የሟቹን ታናሽ ወንድም አስቀምጣ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች። ከልብስ ቁልፎቹ መሃል ሦስት አረንጓዴ የጥርስ ክር እሽጎች ወጡ፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው።

«የነጠቅሽው ይህን ነው?»

«የነጠቅኩትስ ነጭ ነበር። እነዚህን አላውቃቸውም።»

«እሺ ባይ ባል አልነበረሽም፤ ተደብቆ ቀጥሏል። ሆስፒታሉም ድዱ ጤነኛ ነበር ብሏል። ድድ መጀመሪያ ይደማል፣ የጥርሱ መሃል በየቀኑ በክር ሲጸዳ ደሙ ይቆማል። ጀርሙ በሌላ በር ነው የገባው።»

ወደ ታናሽየው ዞረች። ሟቹ በመርፌ ጫፍ አስተምሮ ጥርስ ሐኪም ያደረገው ነው።

«የፊት ጥርሱን መቼ ነቀልክለት?»

«የዛሬ ሁለት ወር። የስፌት ክር በጥርሱ ሲበጥስ ሰነጠቀው። ‹መቀስ ተወደደ እንዴ?› ብዬ ስቄበታለሁ።»

«ልቡ እንደተጠገነ ታውቅ ነበር?»

«ያኔ ለትምህርት ርቄ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም። አምና መጀመሪያ ሲታከም የሞላሁት ካርድ ይኸው። ያን ዕለት ‹የልብ ሕመም የለብኝም› ብሎኛል።»

ወስፌ በካርዱ ላይ ከተሣሉት ጥርሶች አንዱን በጣቷ ነካች።

«ይቺ ምልክት ምንድን ናት?»

«የጎደለ ጥር…»

«ዘንድሮ የነቀልከው ጥርስ አምና እንዴት ጎደለ? ካርዱን ወንድምህ ከሞተ በኋላ እንደ አዲስ ጻፍከው፤ እጅህ ግን መጨረሻ ያየኸውን አፍ ሣለ። የልቡ ጥገና በፊተኛው ካርድ ላይ ተጽፎ ባይሆን ያን ካርድ ምን አስቀደደህ? እንዲህ ያለ ሰው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ጀርም የሚገድል መድኃኒት እንደሚሰጠው ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

«ወረፋ ነበር… ረሳሁ። ወንድሜን ቀበርኩ፤ ሙያዬንም ልቅበር?»

«መርሳትስ የሰው ነው» አለች እናቱ፣ ድምጿ ተሰብሮ። «እሷን ስረግም ግን አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትሰማ ነበር።»

ሚስቲቱ ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«ባሌ የተቀበረ ለት እግርህ ላይ ወደቅኩ። አንሥተህ አቅፈህ፣ ‹ይቅር ብዬሻለሁ፣ እህቴ› አልከኝ።»

አንገቱን ደፋ።

«ይቅር ያልከኝ ምኔን ነበር?»