በረዶ ገዳይ

«ዝም በሉ፣ በረዶ ገዳዩ መጣ» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። ኒያዝ ደብተሩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«አቦ ተዉት፣ ሙድ አትያዙበት» አለ ሌላው። «ኋላ ‹እማዬ› ብሎ የቀረውንም ያቀልጥብናል።»

ካኒዝ አልሳቀችም፤ ተዉትም አላለችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ሻባን የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው፤ ማን መቼ ቦይ እንደሚከፍት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ልጅ አንድ ቃል ብትናገር ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የባልቲስታን ተራራ ሰዎች ውሃ ሲያጥረን በረዶ እናጋባለን። ድንጋይ የለበሰው ጥቁሩ ግግር በረዶ ወንዴ ነው፤ ነጩ ሴቴ። ከሁለቱም ተቆርጦ፣ በቅርጫት ታዝሎ፣ ከመንደሩ በላይ ፀሐይ የማታየው ዋሻ ውስጥ በከሰልና በሰጋቱራ ይቀበራል። ከተዋለደ የልጅ ልጅ የሚጠጣው ውሃ ይሆናል። ተሸካሚው ታዲያ መንገድ ላይ ቃል አይተነፍስም፤ ቅርጫቱንም ከጀርባው አያወርድም።

ካቻምና በመከር አሥራ ሁለት ሰው ተሸከመ። ኒያዝ የሞተ አባቱን ተክቶ ገባ፤ ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ እግሩ ሲከዳው «እማዬ» አለ። ሁሉም ሰማ። ዘንድሮ ዋሻው ሲከፈት ከእርጥብ ከሰል በቀር ምንም አልተገኘም። በማግስቱ የኒያዝ እናት የእትዬ ዘይነብ የውሃ ተራ መጨረሻ ላይ ተጣለ። ውሃ በጠፋበት ዓመት መጨረሻ ማለት ደግሞ የለም ማለት ነው። ገብሳቸው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ እየሆነ ነው።

ካኒዝ ግን ሌላው የማያውቀውን ሁለት ነገር ታውቃለች።

አንደኛውን ያወቀችው ከመምህር ዙልፊቃር ጋር ትልቁ ግግር በረዶ ላይ እየወጣች ነው። መምህሩ በረዶውን በስተው የቀርከሃ ዘንግ ተክለዋል፤ እሷ የዘንጉን ምልክት እያነበበች ትጽፋለች። የብርዱ ወራት በረዶውን ያለብሰዋል፣ የሙቀቱ ወራት ይገፍፈዋል። የሚለብሰው ከሚገፈፈው ካነሰ ተራራው ይከሳል። አምና ሙቀቱ ዘንጉን ከእሷ ቁመት በላይ ራቁቱን አወጣው። ዘንድሮ ብርዱ ያለበሰው ለጉልበቷ እንኳ አልደረሰም፤ በዚያ ላይ በበረዶ ፈንታ ዝናብ ዘነበበት። ትልቁ እንዲህ ከሆነ አሥራ ሁለት ቅርጫት በረዶ ዋሻ ውስጥ ምን ተስፋ ነበረው?

ሁለተኛውን ያየችው በዓይኗ ነው። በረዶው በታዘለበት ቀን የጠፋች ፍየል ፍለጋ ከመንገዱ በላይ ነበረች። ከሁሉም ኋላ የቀረ አንድ ተሸካሚ ቅርጫቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ትንሽ አርፎ ተነሳ። አባቷ ነበሩ።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መምህር ዙልፊቃር የዘንጉ ልክ የተጻፈበትን ደብተር ይዘው ቀረቡ።

«መምህር፣ ቀርከሃ ውሃ ያጠጣል እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሳቁባቸው። ከዚያ አቶ ሻባን ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወሰኑ። የእትዬ ዘይነብ ቤት በሚቀጥለው ዓመትም መጨረሻ ነው። ዳር ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩት እትዬ ዘይነብ ተነስተው ሄዱ።

ማታ ካኒዝ ለአባቷ የጨው ሻይ ቀዳችላቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን ቅርጫቱን ድንጋይ ላይ ሲያወርዱ አይቻለሁ።»

አባቷ ሻዩን አስቀመጡት። «ወገቤ ነው» አሉ። «ለትንፋሽ ያህል ነው ያወረድኩት። በረዶውን ምን ጎዳው?»

«እንግዲያው የኒያዝም ቃል አልጎዳውማ።»

«ዝም በይ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «መንደሩ የሚወቅሰው ሰው ይፈልጋል። ሰማዩን ይውቀስ? አንቺ የእኔ ልጅ ነሽ። እሱ የማንም አይደለም። ይህን ካወራሽ የሚደርቀው የእኛ ገብስ ነው።»

ካኒዝ አለቀሰች። ያናደዳት አባቷ የተናገሩት እውነት መሆኑ ነው። የዘንጉን ነገር መንደሩ አያምንም። የቅርጫቱን ወዲያው ያምናል፤ በረዶውን የጨረሰው ግን እሱም አይደለም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የውሃ ተራው የእነሱ ነበር። አካፋዋን ይዛ ወረደችና የቦያቸውን አፍ በሣርና በድንጋይ ዘጋች። ውሃው ወደ እትዬ ዘይነብ ማሳ ዞረ። ገና የመጀመሪያው ፈር ሳይርስ ኒያዝ እየሮጠ መጣና ተንበርክኮ ወደ ማሳቸው የሚያስገባውን ቦይ በእጁ በጭቃ ይደፍን ጀመር።

«ምን ሆነሻል? የእኛን ማሳ አትንኪው» አላት። «እኛ ጋ ከገባ ያቺው ያለችው ውሃም ትደርቃለች።»

«ማን እንዲህ አለህ?»

«ማን ይለኛል? እኔ ነኝ የገደልኩት። ዋሻው ከተከፈተ ጀምሮ እማዬ አላናገረችኝም። አንድ ቀን እንኳ።»

ይህን ሲል አላለቀሰም። በጭቃ መድፈኑን ቀጠለ።

ካኒዝ ቀና አለች። አባቷ ጣሪያው ላይ ወጥተው ቁልቁል ያዩዋት ነበር። እሷም ዓይኗን ሳትሰብር አየቻቸው፤ ከዚያ አካፋዋን መሬት ላይ ተክላ ከኒያዝ አጠገብ ቁጢጥ አለችና እጁን ከጭቃው አነሳችው።

«ሁለት ነገር ልነግርህ ነው» አለችው። «አንደኛው ስለ ዘንጉ ነው፤ እሱን ላታምነኝ ትችላለህ። ሁለተኛው ስለ አባቴ ነው።»