ከፉቁም ጀርባ ያለው የድንጋይ መቃብር

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ እውነት ነው! አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ከቃሉዓ ሰፈር እስከ ተዋሂ ሰፈር ማንንም ጠይቁ፤ አላውቅም የሚል ካለ ትናንት ከጀልባ የወረደ ነው።

የእህቴ ልጅ ሃዲል፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ከፉቁም መንደር ጀርባ ባለው ጠፍ ሜዳ፣ ትልቁ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ክምር እዚያ መቶ፣ ምን መቶ፣ ሺህ አለ። መምህሯ «ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች መቃብር ነው» ብላታለች፤ እኔ ግን አርባ ሺህ እላለሁ።

ፊት ለፊቷ ፒካፕ ቆሟል። ሹፌሩ ተራራ ያክላል፤ ዲጂኖውን በሁለት ጣት እንደ ስቴኪኒ ይዞታል።

«ውረጂ ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ! ድንጋዩን ልጫን።»

«መቃብር እኮ ነው።»

«የጃሂሊያ መቃብር! ከእስልምና በፊት የሞተን ሰው ማን ይቆጥረዋል?»

«ታዲያ ከመኪና ሲወርዱ ለምን ሰላም አሏቸው?»

እውነቷን ነው። መቃብር ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሰውየው ሳያስበው «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ነበር የወረደው። አፉን ያዘ። ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ።

«ስሚ፣ ድንጋዩ እኮ ላንቺው ክፍል ነው። ከሦስት ወንድሞችሽ ጋር ተጣብቆ መተኛት አልሰለቸሽም?»

(እንዴት እንዳወቀ አትጠይቁኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሁሉን ያውቃል።)

በር ያለው ክፍል! ወንድሟ ዋኤል ደብተሯ ላይ የማይሞነጫጭርበት! ሃዲል ሁለት ዓመት ሙሉ የለመነችው። ከሥሯ ያለውን ድንጋይ ዳሰሰችው፤ ፀሐይ አግሎታል።

«እያንዳንዱን ድንጋይ አንድ ሰው ለሞተበት ዘመዱ ተሸክሞ አምጥቶታል» አለች። «በዚህ በተሠራ ክፍል እንቅልፍ አይወስደኝም። አልወርድም።»

«ኧረ አንቺ ፋራ!» ብሎ ዲጂኖውን ሲያነሳ፣ እኔ ዱብ አልኩ! ነጥቄው ጉልበቴ ላይ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቀሽ አደረግሁት። ሰውየው እግሬ አውጪኝ አለ፤ እስካሁንም እየሮጠ ነው።

ታሪኩን ስጨርስ፣ የእህቴ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ሃዲል ከሚጋሯት ጠባብ ክፍል ጥግ፣ የዋኤልን እግር ከደብተሯ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ቀና ሳትል እኔን አጎቷን በቀስታ አለችኝ፦

«ኻሊ፣ ሹፌሩ እኮ እርስዎ ነበሩ።»