ያልተነገረችው ክኒን

አቶ ሰረቀብርሃን የዐይናቸው ሞራ እንዲገፈፍ የቸኮሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሌክ ሜሪት ከተባለው ሐይቅ አጠገብ የሚቆመውን አውቶቡስ ቁጥር ማንበብ ካቃታቸው ከርሟል፤ ሰው ጠይቆ መሳፈር ደግሞ ለእርሳቸው ሞት ነው። ቀጠሮው በደም ግፊት የተነሣ አንድ ጊዜ ተራዝሞባቸዋል። ዳግም እንዳይራዘም ፈርተው፣ ልጃቸው ፍስሐ ከሳን ሆዜ ከተማ መጥቶ ወደ ክሊኒኩ ሲወስዳቸው፣ ለልባቸው የሚውጧትን የደም ማቅጠኛ ክኒን ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቁት።

«አባዬ፣ ከጠየቁንስ?»

«ልብ ሌላ፣ ዐይን ሌላ። አንተ ተርጉም እንጂ ሐኪም አትሁንብኝ።»

ፍስሐ ለአባቱ መልስ የሚሰጥ ልጅ አይደለም። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ላገናኛችሁ ስትል እኔ እበቃለሁ አላት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ስትጠይቅ አባቱን አየት አደረገና «ኖ» አለ።

ሐኪሙ ማደንዘዣውን ከዐይናቸው ኋላ በመርፌ ሰጣቸው። ጥቂት ደቂቃዎች አልፈው የዐይናቸው ቆብ አብጦ ጠቆረ፤ ዐይናቸው ወደ ውጭ ተገፍቶ እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

«ፍስሐ፣ ጨለመብኝ» አሉ በቀስታ።

ሐኪሙ የነርሷን ጥያቄ ደገመው። ፍስሐ አሁን «ይወስዳሉ» አለ። ከዐይናቸው ኋላ የተጠራቀመው ደም ግፊት እንዲተነፍስ የዐይን ቆባቸው ጠርዝ በመቀስ ሲቀደድ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በኋላ ሐኪሙ ሳይቆጣ አስረዳው። መርፌ የደም ሥር መውጋቱ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ክኒኑን በማይወስድ ሰውም ሊደርስ ይችላል። በሚወስድ ሰው ላይ ግን ደሙ ቶሎ አይቆምም። ቀጥሎ ያለው ነው ፍስሐን ያደነዘዘው።

«ብትነግረኝ ቀጠሮውን አልሰርዘውም ነበር። መርፌውን ትቼ በጠብታ ብቻ አደነዝዛቸው ነበር።»

ዐይኑ ከመጥፋት ተረፈ፤ ብርሃኑ ግን ሙሉ ሆኖ አልተመለሰም።

ወላጆቻችንን ይዘን ሐኪም ቤት የምንሄድ ልጆች፣ አክብሮት መስሎን ስንቱን ሸፍነናል? የሚወስዱትን ሁሉ መናገር የእኛ ፋንታ ነው፤ የሚቆመውንና የሚቀጥለውን መወሰን የሐኪሙ ነው። መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን ማቋረጥም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ለሁለተኛው ዐይን በሄዱ ጊዜ ፍስሐ እኔ ልጃቸው ነኝ፣ አስተርጓሚ ጥሩልን አለ። በስልኩ የሴት ድምፅ ሲመጣ አቶ ሰረቀብርሃን ጥያቄውን አልጠበቁም።

«እታለም፣ የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ባለፈው ልጄን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ተርጉሚልኝ።»