ሰባተኛው እርማት

ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ የተነሣው አውቶቡስ ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ ምሥራቅና ዘካርያስ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይቀሩ ነበር። ምናለ ባልፈነዳ! ልጅ ግን መከራዋ ሲመጣ እንግዳ እየመሰላት በሩን ከፍታ ታስገባዋለች። ምሥራቅም ያን ዕለት የጎማውን መፈንዳት እንደ ዕድል ነበር የቆጠረችው።

ወሩ መስከረም ነው። ተሳፋሪው ወርዶ መንገድ ዳር ሲበታተን እሷም አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ከጎኗ የተቀመጠው ቀጭን ወጣት እቅፏን ደጋግሞ አየው።

«ጫጩት ነው?» አላት።

«ጫጩትስ ቢሆን አድጎ ይበላ ነበር። ይሄ እኔን ነው የሚበላኝ።»

ገለጥ አድርጋ አሳየችው። የክብሪት ቤት የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ በአንድ ወገን የዩኤስቢ ገመድ፣ በሌላው ወገን እንደ ሸረሪት እግር የቀጠኑ ሽቦዎች።

ምሥራቅ የወገዳ ልጅ ናት፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ባለው ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ያቺ ሰሌዳ ደግሞ የታመሙ ትንንሽ መሣሪያዎችን፣ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያውን፣ የፀሐይ መብራቱን፣ ውስጥ ውስጣቸውን የምታዳምጥ ናት፤ ሐኪም ደረት ላይ እንደሚያኖረው ማዳመጫ ማለት ነው። ታዲያ የሰማችውን ለኮምፒውተሩ እንድታደርስ ከኮምፒውተሩ ልብ፣ ከርነል ከሚሉት፣ ጋር የሚያግባባ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል። ድራይቨር ይሉታል። ምሥራቅ እሱን ስትጽፍ ዓመት ሞላት። ሰሌዳዋን የሚሠራው የአዲስ አበባ ድርጅት፣ ድራይቨሩ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ከጸደቀላት ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። ለወገዳ ልጅ እንዲህ ያለ በር ስንት ጊዜ ይከፈታል?

«ከጻፍሽው ታዲያ ምን ቀረሽ?» አለ ወጣቱ።

«ገምጋሚው ነዋ! አንድ አዋቂ መስመር በመስመር አንብቦ፣ ሞክሮ፣ ‹አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው› ብሎ ከሥር ስሙን ካላኖረ አይገባም። ለእኔ የደረሰኝ ደግሞ እናት ያላሳደገችው መሰለኝ። ምን ብሎ ጻፈልኝ መሰለህ? ‹ይህን የጻፈ ሰው ገመድ ሲነቀል አይቶ አያውቅም ወይ?›»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ።

«እውነቱን እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በሥራ መካከል ገመዱ ቢነቀል፣ ፕሮግራሙ እጁን ሳይለቅ ድራይቨርሽ ሁሉን ነገር ያፈርስበታል። ፕሮግራሙ የሌለ ነገር እንደ ያዘ ይቀራል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ድርቅ ነው።»

ምሥራቅ ነጠላውን መልሳ ሸፈነችው። «አንተ በምን አወቅህ?»

«እናቴ አሳድጋኛለች» አላት። «እስከ ስድስት ዓመቴ። ከዚያ ሞተችብኝ። ዘካርያስ እባላለሁ፤ የጻፍሁልሽ እኔ ነኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን ሳቀ፤ ከኪሱ የባቄላ እሸት አውጥቶ ዘረጋላት። ጎማው ተቀይሮ ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ እሸቱም አላለቀ፣ ወሬውም አላለቀ።

ዘካርያስ የመርጌታ እሱባለው ልጅ ነው፤ አባቱ የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ሥራ ነበረው፤ የአባቱ ዓይን እየፈዘዘ ሲሄድ ትቶት መጣ። ለድርጅቱ የሚገመግመውም መካነ ኢየሱስ ካለው ከአባቱ ቤት ሆኖ፣ ኔትወርክ በመጣ ቀን ነው። ከድርጅቱ ውጭ የምሥራቅን የመሰለች ሰሌዳ ያለችው እሱ ብቻ ነበርና፣ ድርጅቱ ሥራዋን እንዲገመግም ለእሱ ሰጥቶታል። እንግዲህ የልጅቱ ዕድል በአንድ ሰው እጅ ወደቀ፤ ደግሞ በዚያ ባየችው ቁጥር ፊቷን በሚያቀላው ሰው እጅ።

«አትራራልኝ» አለችው በሳምንቱ። «አውቃታለሁ ብለህ እንዳታልፈኝ።»

«እኔ ቅኔ ቤት ነው ያደግሁ» አላት። «ተማሪው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ መምህሩ በጉባኤ ፊት ያፈርሰዋል። የሞላ ሲሆን ‹ይበል!› ይለዋል። ላልሞላው ‹ይበል› አልልሽም።»

እውነቱንም ነው፤ መጀመሪያ አልራራላትም። የገመዱን ነገር ጠግና ላከች፤ ግማሹን ብቻ ነው የጠገንሽው ብሎ መለሰባት። አለቀሰች፤ ደግሞ ተነሣች። በኅዳር አጋማሽ ለሦስተኛ ጊዜ ላከች፤ ያኔ ገመዱ ቢነቀል ድራይቨሩ የመጨረሻው እጅ እስኪለቅ ቆሞ ይጠብቃል።

በዚያው ወር ነው ከገበያ መልስ እጇን የያዘው። አልተናገረም። እሷም አልተናገረችም። ዓይኑ ግን ተናግሯል፤ እሷም በዓይኗ መልሳለች። አፍ ያላሰረውን ነገር ዓይን ምን ያህል ያጸናዋል? ማን ይመክራት!

በታኅሣሥ ሦስተኛው እርማት መጣ። «የድራይቨሩን ክፍሎች ስም ለውጪ» ይላል። ለወጠች። ከጥምቀት በኋላ አራተኛው፤ «ሥራውን ለሁለት ክፈይው።» ከፈለች። በዐቢይ ጾም መግቢያ አምስተኛው፤ «መልሰሽ ግጠሚው።» ገጠመች። ስድስተኛው የመስመር አደራደር ነበር፤ እሱንም አደረገች። ለእያንዳንዱም «ስለ ድካምህ አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች፤ እንደ ተማረ ሰው።

እናቷ ውብነሽ ከወገዳ ስልክ ደወለች።

«ይህ የቄስ ልጅ ይወድሻል ወይስ ይፈትንሻል?»

«የመርጌታ ልጅ ነው እማዬ። የሚጨክንብኝ ለእኔው ብሎ ነው።»

«ለአንቺ ብሎ የሚጨክን እኔ እናትሽ እበቃሻለሁ። እሱ ሌላ ሙያ ይፈልግ።»

ምሥራቅ ሳቀች። እናት ስትፈራ ልጅ ትስቃለች፤ የኖረ ነው።

ደግሞስ በምን ትጠረጥረው? ባመማት ሳምንት የአጥሚት ዱቄት ይዞ የመጣ እሱ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ያዋሳት እሱ፣ «አዲስ አበባ ብርድ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ስትለው ዝም ብሎ ነጠላዋን የሚያስተካክልላት እሱ። ያን ዝምታ ፍቅር ነው ብላ ተረጎመችው። ፍቅርም ነበር። ክፋቱም ይኸው ነው።

ሰባተኛው እርማት የመጣው ፋሲካ አልፎ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። «በማብራሪያው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነጠላ ሰረዝ ይጎድላል፤ አስተካክለሽ እንደ ገና ላኪ።» ላከች። ኔትወርክ ጠፋ። ሲመለስ ግንቦት ገብቶ ነበር። የድርጅቱ ኢንጂነር ጽጌ ራሷ ደወለችላት።

«አዝናለሁ እህቴ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ምን ሆነሽ ነው? እኛ እኮ ከገና ጀምሮ ስንጠብቅሽ ነበር።»

ምሥራቅ ስልኩን ዘግታ ወዴት ሄደች? ወደ እሱ ነዋ! እቅፉ ውስጥ ልታለቅስ ሄደች፤ ምስኪን።

ዘካርያስ አልነበረም። መርጌታ እሱባለው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ከተማሪዎቹ ጎጆ የሚጉረመረም ድምፅ ይሰማል።

«ምሥራቅ ነሽ? ምነው ኮቴሽ ከበደ?»

ነገረቻቸው። ሥራው ሳይጸድቅ ቀኑ አለፈ፣ ቦታው ሄደ አለቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከጭናቸው ላይ አነሡ።

«ተሳስተሽ እንዳይሆን ልጄ። ያንቺ ሥራ ከጸደቀ ቆየ አይደለም?»

«አልጸደቀም የኔታ። ሰባት ጊዜ ታረመ።»

«ኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው» አሉ መርጌታ። «ሮጦ መጣ። ‹የኔታ፣ ዛሬ እንከን የሌለው ሥራ አየሁ። ሃምሳ ጊዜ ገመዱን ነቀልሁት፣ ሃምሳ ጊዜ ቆመልኝ። ይበል አልሁ› አለኝ። ‹የማን ነው?› ስለው ‹የምሥራቅ› አለኝ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከድምፁ ሰምቼ አላውቅም።»

ምሥራቅ በጣቷ ቆጠረች። ኅዳር ጽዮን፤ ለሦስተኛ ጊዜ በላከች በሳምንቱ። ከዚያ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። አምስት ወር፣ ያልተበላሸ ነገር ስትጠግን።

ዘካርያስ የአባቱን የዓይን ጠብታ ይዞ በቅጥሩ በር ገባ። ፊቷን ሲያይ ቆመ።

«ለአባትህ የነገርኸውን ለእኔ ምነው ነፈግኸኝ?» አለችው።

«ምሥራቅ…»

«ሃምሳ ጊዜ ነቀልኸው?»

«ሃምሳ ጊዜ።»

«ቆመ?»

«ቆመ።»

«ታዲያ ሰረዙ ምንድን ነበር? ስሙስ? ለሁለት ክፈይው ያልኸኝስ? አመሰግናለሁ እያልሁ እኮ ነው የጻፍሁልህ! አንተ ያንን እያነበብህ እህል ይወርድልህ ነበር?»

«ስሜን ባኖርሁ ማግስት ትሄጃለሽ» አለ። «አንድ ወር ብቻ ትቆይልኝ አልሁ። ከዚያ ደግሞ አንድ ወር። የኔታን ትቼ ልከተልሽ አልችል። ፈራሁ።»

«እንግዲያ አንዲት ቀን እንኳ ‹አትሂጂብኝ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

«እቀር ነበር።»

ይህን ያለችው እውነቷን ይሁን ወይስ ልታቆስለው ብላ፣ እሷም እስከ ዛሬ ለይታ አታውቀውም። እሱ ግን ተመታ፤ በቁመቱ አነሰ።

ከጎጆው የሚሰማው ጉርምርምታ ቆሞ ነበር። መርጌታ እሱባለው በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«ላልሞላው ‹ይበል› ያለ መምህር ሞኝ ነው» አሉ። «ተማሪው መሙላቱን እያወቀ የነፈገ ግን ሌባ ነው። እኔ አርባ ዓመት በዚህ ወንበር ስቀመጥ፣ ለጥቅሜ ብዬ አንድ ተማሪ አንድ ቀን አላስቀረሁም። ያን ጠብታ አስቀምጠው።»

«የኔታ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ላድርግልዎ።»

«አስቀምጠው። ከዛሬ ጀምሮ ከተማሪዎቹ አንዱ ያደርግልኛል። ያየኸውን አላየሁም ያልህ ሰው፣ የእኔን ዓይን አትነካም።»

ዘካርያስ ጠብታውን ድንጋይ ላይ አኖረ። ቦርሳውን ከፍቶ ላፕቶፑን አወጣ።

«ምሥራቅ፣ አሁኑኑ ስሜን አኖራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ለድርጅቱ እጽፋለሁ።»

«ጥፋትህን ጻፍ፤ እሱ የራስህ ነው። ስምህን ግን እንዳታኖር። ስምህ ካለበት አልልከውም።»

እስከ ቅጥሩ በር ልሸኝሽ እንዳይላት ፈራች፤ እሷ ሸኘኝ እንዳትለው ደግሞ ይበልጥ ፈራች። ሁለቱም ሳይሉ ቀሩ።

ዓመት አለፈ። ዘካርያስ እንዳለው ጻፈ፤ ግምገማውንም ተነጠቀ። ጽጌ ምሥራቅን አልረሳቻትም ነበርና ጠራቻት። የፊተኛው ቦታ አይደለም፤ ያነሰ ነው፤ ሰሌዳዎቹ ከመሸጣቸው በፊት የሚሞከሩበት ክፍል። ሄደች። ብርዱም እንዳሉት ነበር።

እዚያ ሆና ድራይቨሯን እንደ ገና ከፈተችው። ስሙን ወደ ቀድሞው መለሰች፣ የመስመሩን አደራደር አፈረሰች፣ ሰረዟን ሳይቀር ሰረዘች። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ያለውን እርማት አንድ በአንድ ነቅላ፣ ያን ኅዳር ለሦስተኛ ጊዜ የላከችውን መልሳ ላከች። ጽጌ ሁለት ሳምንት ፈተነችው፤ ከዚያ «ደህና ነው» ብላ ስሟን ከሥር አኖረች።

«ይህ መስመር ግን ምንድን ነው?» አለቻት ስክሪኑን እያሳየች። «‹ገመዱ ሲነቀል የሚደርሰውን ስህተት ያገኘው ዘካርያስ እሱባለው ነው።› ያ ሰው አይደለም እንዴ? ምን አገባሽ? አውጪው።»

«አይወጣም» አለች ምሥራቅ። «ስህተቱን ያገኘው እሱ ነው።»

«እንደዚያ አድርጎሽ?»

«እሱ የሚገባኝን ነፈገኝ። እኔ የሚገባውን አልነፍገውም።»

መስመሩ ወደ ከርነሉ መዝገብ ገባ። ዓለም ሁሉ ሊያነበው በሚችልበት፣ ማንም ሊፍቀው በማይችልበት ቦታ፣ ስሙ ከስሟ በታች ተቀመጠ፤ እንደ ገምጋሚ ሳይሆን እንደ ስህተት አግኚ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ስልኳ ጮኸ። መርጌታ እሱባለው ናቸው።

«ልጄ ምሥራቅ፣ ተነበበልኝ።»

«ማን አነበበልዎ የኔታ?»

ከኋላቸው የአንድ ሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ ቀረብ ብሎ የቆመ፣ ሊናገር አፉን የከፈተ ሰው ትንፋሽ። ምሥራቅ ስልኩን ከጆሮዋ አጣበቀችው። ጠበቀች።

«ይበል» አሉ መርጌታ። «ይበል ልጄ።»

ያ ትንፋሽም አንድ ጊዜ ከፍ አለ፤ «ምሥ…» አለ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ምሥራቅ መልሳ አልደወለችም። ስልኩንም አላወረደችም። ጽጌ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ማን ነው?» ብላ፣ ደግማም «ምሥራቅ፣ ማን ነው?» ብላ እስክትጠይቃት ድረስ፣ የተቋረጠውን ስልክ ከጆሮዋ ላይ እንደ ያዘች ቆየች።